የወርድ ፋይል አልከፈት አለኝ፤ ፍላሹም ባዶ መስሎ ይታያል

ቦርከና (ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ቤቴ ባለው ላፕቶፕ፣ በማይክሮሶፍት ወርድ 2016 ስጽፍ ቆይቼ 34 ገጽ ሲሞላልኝ፣ ዛሬ ጠዋት በፍላሽ ገልብጬ ለማሳተምና ለማስጠረዝ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ፍላሹ ሲሰካ ባዶ ሆኖ ታየ። ሠራተኛዋ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርግ አንድ ፋይል ብቅ አለ፤ ነገር ግን «የእድር ደንብ የመጨረሻ» ያልኩት ስም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አጥቶ «ድር ደንብ የመጨረሻ» ሆኗል፤ ከፊቱም የማላውቃቸው ምልክቶች ተደንቅረዋል። ወርድም ሊከፍተው አልቻለም። ትናንት ማታ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ሄዶ፣ የላፕቶፑ ባትሪም የሞተ በመሆኑ፣ ማሽኑ ድንገት ጠፍቶብኝ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ነውና ምን ላድርግ?

ጦሳ፦
ፍላሽ ላይ ፋይል ተደብቆ ሲገኝ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። የተለመደው ዓይነት ፋይሎቹን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል እንጂ ይዘታቸውን ብዙ ጊዜ አይነካም። ስለዚህ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ካስፈተሹ በኋላ ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ይገልብጡና በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። በወርድ የመክፈቻ መስኮት ፋይሉን መርጠው፣ «ኦፕን» ከሚለው ቁልፍ ጎን ያለችውን ቀስት ሲጫኑ «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» የሚል ምርጫ ያገኛሉ።

ጠጋኙ፦
ጦሳ ያሉት በአጠቃላይ ትክክል ቢሆንም የእርስዎ ጉዳይ ቫይረስ አይመስለኝም። የተበሉት ሁለት ፊደላት ነገሩን ይናገራሉ። ወርድ አንድን ሰነድ ሲከፍት እዚያው ማኅደር ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል፤ በውስጡ የሚይዘው ሰነዱን የከፈተውን ሰው ስም ብቻ ሲሆን፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሰነድ ልክፈት ቢል «ተይዟል» ለማለት ያገለግላል። ስሙንም የሚያወጣው ከሰነዱ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላትን አንስቶ በምትካቸው የሞገድ ሰረዝና የዶላር ምልክት በመተካት ነው። ወርድ በሥርዓት ሲዘጋ ይህ ፋይል አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲሄድ ግን ወድቆ ይቀራል። የእርስዎ ላፕቶፕ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳይ ከሆነ፣ ጠዋት ከሁለቱ ተመሳሳይ ስሞች የተሳሳተውን ገልብጠዋል ማለት ነው። ፕሮፐርቲስ ውስጥ መጠኑን ይመልከቱ፤ 162 ባይት ከሆነ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ቀድሞም ሰነድ አልነበረምና። 34 ገጽ ጽሑፍ በዚያ መጠን አይያዝም።

ቦርከና፦
በትክክል 162 ባይት ነው! ዋናው ፋይል ኮምቦልቻ ቀርቷል ማለት ነው። ማታ የጻፍኩት የቅጣት አንቀጽ ግን ሳላስቀምጠው ነው መብራቱ የሄደው።

ጠጋኙ፦
እንግዲያው ቤት ሲደርሱ ወርድን ሲከፍቱ በግራ በኩል የተረፉ ቅጂዎች ዝርዝር ሊመጣ ይችላልና ሳያዩት እንዳይዘጉት። ካልመጣ፣ በፋይል ምናሌ ውስጥ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ሴቭ» የሚለው ገጽ ላይ ወርድ በራሱ የሚያስቀምጥበት ቦታ ተጽፏል፤ እዚያ ማኅደር ውስጥ በኤ ኤስ ዲ የሚያልቅ ፋይል ይፈልጉ። ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው ያስቀምጣል። እኔ 3 ደቂቃ አድርጌዋለሁ፤ የእኛን መብራት የሚያውቅ ይረዳኛል።

ጦሳ፦
ቫይረስ ማለቴን አንስቻለሁ። ለማሳተም ሲመለሱ ግን ሰነዱን በፒዲኤፍም ያስቀምጡት፤ የተጠቀሙበት የአማርኛ ፎንት ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የገጽ አሰላለፉ ሊዛባ ይችላል።

ቦርከና፦
ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ዝርዝሩ መጣ፤ የቅጣት አንቀጹም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በቀር ተገኝቷል። ነገ ጠዋት በፒዲኤፍ ይዤ ደሴ እመለሳለሁ። ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።