ባሕር ዳር ላይ ቫዮሊን ለመግዛትና ለማስጠገን፦ ጥያቄና ጥቆማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ፤ የሙዚቃ መምህሯ ቫዮሊን እንድገዛላት ነግረውኛል። እዚሁ ባሕር ዳር ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ከሚሸጡት ሱቆች ልግዛ፣ ከአዲስ አበባ ላስመጣ፣ ወይስ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይላክልኝ? ቢበላሽስ የሚጠግን ሰው ይገኛል? ልምድ ያላችሁ ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ልጆቼን በቫዮሊን፣ የወንድሜን ልጅ ደግሞ በቼሎ ያስጀመርሁ አባት ስለሆንሁ ሦስቱንም መንገድ ሞክሬያቸዋለሁ። ከየት እንደሚገዙ ከመወሰንዎ በፊት ከገዙ በኋላ ማን እንደሚያስተካክልልዎ ይወስኑ። ቫዮሊን ከሳጥኑ ወጥቶ ወዲያው የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ ብርኩማው (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ቀጭን እንጨት) ተሞርዶ፣ መቃኛዎቹ በቀዳዳቸው ልክ ተስተካክለው፣ ክሮቹ ለልጅ ጣት በሚመች ከፍታ እስኪቀመጡ ድረስ ግማሽ ሥራው ገና ነው።

የከተማችን ሱቆች ጥቅማቸው ዐይቶና ነክቶ መግዛት መቻሉ ነው። እኔ የገዛሁት ግን ብርኩማው ተነቅሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሻጩም እንዴት እንደሚቆም አያውቅም። ስለዚህ ከእነርሱ የሚገዙ ከሆነ መምህሯን ይለምኑና አብረው ይሂዱ። ልጅቷንም መውሰድ ያስፈልጋል፤ መጠኑ የሚታወቀው በዕድሜ ሳይሆን በክንድ ነው። ቫዮሊኑን አገጯ ሥር አድርጋ ግራ እጇን ስትዘረጋ፣ ክንዷ ከክርኑ ትንሽ እንደታጠፈ የመሣሪያው ጥምዝ ራስ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ጣቶቿ ሊያቅፉት ይገባል። በ9 ዓመት ብዙ ጊዜ 1/2 ወይም 3/4 የሚባለው ይሆናል። «ታድግበታለች» ብሎ 4/4 (ሙሉውን የአዋቂ መጠን) መግዛት ትከሻዋን ከማሳመም በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም፤ እኔ ለታላቁ ልጄ እንዲህ አድርጌ ስድስት ወር አባክኛለሁ።

እጅዎ ሲገባ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ብርኩማው በሙጫ የተጣበቀ አይደለም፣ የሚያቆመው የክሮቹ ግፊት ብቻ ነው፤ ክር በተቃኘ ቁጥር ጫፉ ወደ መቃኛዎቹ በኩል ስለሚሳብ፣ ወደ ክር መያዣው የዞረው ፊቱ ከቫዮሊኑ ሆድ (ከላይኛው ገጹ) ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን አዘውትሮ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ከቀጭኑ ክር በኩል ባለው ቀዳዳ የስልክ መብራት እያበሩ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ ከብርኩማው እግር ትንሽ ወረድ ብላ እርሳስ የምታህል እንጨት ቆማ ትገኛለች። ጣሊያኖች «አኒማ»፣ ማለትም ነፍስ ይሏታል። እርሷም ያለ ሙጫ በግፊት ብቻ የቆመች ስለሆነች አራቱን ክሮች በአንድ ጊዜ ቢያላሏቸው ልትወድቅ ትችላለች፤ ክር የሚለወጠው አንድ በአንድ ነው። በዚያው ውስጥ «ስትራዲቫሪዩስ» የሚል ወረቀት ቢያገኙ ዋጋ አይጨምሩበት፤ ዝነኛው የክሬሞና (ጣሊያን) ቫዮሊን ሠሪ አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ያረፈው በ1737 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሙ ግን እስከ ዛሬ በፋብሪካ ቫዮሊን ላይ ይለጠፋል።

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፋ ይላል፤ እዚያ የሚያውቁት ሰው ካለ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዱን ይዞ ሄዶ በቀስት እያስጫወተ እንዲመርጥልዎ ያድርጉ። የእኔ ምርጫ ግን የወንድምዎ መንገድ ነው፤ ይኸውም ከኢንተርኔት ርካሹን ሳይሆን፣ አስተካክሎ ከሚሸጥ የቫዮሊን ቤት ገዝቶ፣ ትርፍ የክር ስብስብ፣ አንድ ትርፍ ብርኩማና ሮዚን (የቀስቱ ጭራ ክሩን እንዲይዝ የሚቀባ ደረቅ ሙጫ) ጨምሮ፣ በሚመጣ ሰው እጅ ከላከልዎ ነው።

ጥገናውን በተመለከተ ስህተቴን ልንገርዎ። በመጋቢት ድርቀት የልጄ ቫዮሊን ሆዱና ጎኑ የተጋጠሙበት ቦታ ተከፈተ። አንድ እንጨት ሥራ ቤት ወሰድሁት፤ ሰውዬው በቅንነት በነጭ ኮላ አጣበቁት፤ ጠነከረ፤ ደስ አለኝ። በሚቀጥለው በጋ ሆዱ ራሱ፣ ከተጣበቀው ቦታ አጠገብ፣ ተሰነጠቀ። ለካ ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፤ እንጨቱ ሲኮማተር መሰንጠቁ ቀርቶ ግጥሚያው እንዲለቅ፣ በኋላም በሙቅ ውሃ ተላቆ እንደገና እንዲጣበቅ ታስቦ ነው። ስለዚህ ግጥሚያ ቢከፈት ክሮቹን በመጠኑ አላልተው ዕቃው ላይ የሠለጠነ ሰው እስኪገኝ ያስቀምጡት፤ ኮላና ሱፐር ግሉ አይድረስበት።

ሌላ አስተያየት፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ማሲንቆ ሠሪዎችን ግን አትርሷቸው። እኔ የቀስቴ ጭራ ሲያልቅ አንድ የማሲንቆ ባለሙያ የፈረስ ጭራ መርጠው አሰሩልኝ፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

መልስ፦ ጭራ በመምረጥ የሚበልጣቸው የለም፤ አንዲቱን ጭራ በጣታቸው ስበው ለደጋን ትሆናለች ወይም አትሆንም ሲሉ ዐይቻለሁ። ይሁንና የማሲንቆ ደጋን ጭራው ከእንጨቱ ጫፍና ጫፍ ይታሰራል፤ የቫዮሊን ቀስት ግን በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ ጭራው እዚያ ገብቶ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ይያዛል። ሽብልቁ በልኩ ካልተጠረበ ጭራው በአንድ በኩል ይላላል፣ እንጨቱም ይጣመማል። የእርስዎ ከጸና ደስ ይለኛል። ለጀማሪ ቀስት ግን አዲስ መግዛቱ ከማስለወጥ ብዙም ላይበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ማነጻጸር ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክሩን ዓይነትና አያያዙን ቢጨምሩልኝ? ቤታችን ለሐይቁ ቅርብ ነው።

መልስ፦ ለክር፣ ለጀማሪ የዳዳሪዮ «ፕሪሉድ» ይበቃል፤ ውስጡ ብረት ስለሆነ ቅኝቱን ቶሎ አይለቅም። ልጅቷ ስትጠና ወደ ቶማስቲክ ኢንፌልድ «ዶሚናንት» ማለፍ ይቻላል፤ ውስጡ ሰው ሠራሽ ጭረት ስለሆነ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከአራቱ (ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ) ቶሎ የምትበጠሰው ቀጭኗ ሚ ስለሆነች እርሷን ብቻ ሁለት ሦስት ይዘው ይቆዩ።

አያያዙ እንደ ወቅቱ ነው። እንጨቱ የሚወደው ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚደርስ የአየር እርጥበት ነው፤ እኛ ዘንድ ክረምቱ ከዚያ በላይ፣ በጋው ከዚያ በታች ይወስደዋል። በክረምት መቃኛው አብጦ አልዞር ይላል፤ ደረቅ ሳሙና ጥቂት ቀባ ማድረግ ነው። በበጋ ደግሞ ይላላና ክሩ ሌሊቱን ተፈትቶ ያድራል፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ይይዘዋል። እኔ በበጋ የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ሚስማር በስቼ፣ ውስጡ ውሃው በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጌ ከቫዮሊኑ ሳጥን ጥግ አስቀምጣለሁ፤ በክረምት እርሱን አወጣና ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እተካለሁ። የሐይቁ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥርም ሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ልጅቷ ተጫውታ ስትጨርስ የቀስቱን ጭራ ታላላ፤ ክሮቹና ሆዱ ላይ የቀረውን የሮዚን ዱቄት በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ትጥረግ። አልኮል አያስነኩት፤ ቫርኒሹን ያቀልጠዋል። ጭራውንም በእጇ እንዳትነካው ይንገሯት፤ የእጅ ወዝ የነካው ጭራ ሮዚን አይዝም፣ ክሩ ላይም ይንሸራተታል።