ክርክር፦ እርማት በማን ሰዓት ይሠራ?

የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ
ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የቋንቋ መምህራን ድርሰት ስለምናርም በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ይቀነስልን፣ ያ ሰዓት ለእርማት ይዋል አልኩ። ግማሹ አጨበጨበ። ግማሹ "እኛስ የማን ልጆች ነን?" አለ። ዳይሬክተሩ "ይታሰብበታል" ብለው ዘጉት። ይታሰብበታል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አምስት ክፍል አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ 270 ናቸው። አንድ አንቀጽ አንብቤ፣ ስሕተቱን አስምሬ፣ ሁለት ቃል አስተያየት ለመጻፍ አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል። በ270 ሲባዛ 1,080 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰዓት። ይሄ እንግዲህ ለአንድ ዙር ድርሰት ብቻ ነው። ይሄን ስራ ፕሮግራም ላይ አታገኙትም። የሚሰራው ቤቴ፣ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

በቀደም የሦስት ዓመቷ ልጄ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ የአንዱን ተማሪ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ስታዞርበት አላየሁም። ደብተሩንም ሳላስተውል መለስኩ። ልጁ በዕረፍት ሰዓት መጣና "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ምኑን ነው የተሳሳትኩት?" አለኝ። ምን ልበለው? "እንደገና አስተካክለህ ጻፈው" አልኩት። ጽፎም አመጣ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እርማት የመምህሩ የቤት ስራ ነው ወይስ ሰዓት ሊመደብለት ይገባል?

የሒሳቡ
ማንም እንዳይቀየመኝ። የሒሳብ እርማት መልሱን አይቶ ራይት ማድረግ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ልጁ ሠርቶት ይሁን ከጎረቤቱ ገልብጦት የሚታወቀው በአካሄዱ ነው። መስመር በመስመር ነው የማነበው። የባዮሎጂው መምህር ቤተ ሙከራ ሲያሰናዳ ያመሻል። የስፖርቱ ፀሐይ ላይ ይውላል።

የተቀነሰው ክፍለ ጊዜም አየር ላይ አይቀርም። እኔ ጋ ስድስት የእንግሊዝኛ መምህራን አሉ። ስድስት በአራት 24። አንድ ሙሉ መምህር ይቀጠር ማለት ነው። በጀቱ ከየት ይምጣ?

ሌላም አለ፤ መቼም እዚህ የማንደባበቀው። "ማታ ጊዜ የለንም" የምንል ሰዎች ከትምህርት ቤት ወጥተን ቤት ለቤት እናስጠናለን። ለማስጠናት የተገኘው ሰዓት ለእርማት ሲሆን የት ይገባል? ስራ ነው፣ እንስራው።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር
ልጆቼ፣ ክርክሩ ውስጥ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። "ሥራ" የሚጻፈው በንጉሡ "ሠ" ነው። ለእንግሊዝኛ መምህርቷ ነው የምለው። የሒሳቡን አልፌዋለሁ።

34 ዓመት አስተምሬአለሁ። በፈረቃ በምናስተምርበት ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሰማንያ ልጅ ነበረኝ። ደብተሩን በዘንቢል ነበር ቤት የማስገባው። የሰፈር ሰው ገበያ ውዬ የመጣሁ ይመስለው ነበር። ሁሉንም አርማለሁ። ስለዚህ ዛሬም መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "እንደ እርስዎ ያለ መምህር የት አለ?" ይለኛል።

ዘንቢሉ ቤት ሲገባ ልጆቹን ማን ያበላ፣ ማን ያጥብ እንደነበር ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ናት። እሷም ነርስ ነበረች፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ታድራለች። ዘንድሮ ትልቋ ልጄ የራሷን ልጅ ስታስጠና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ቀና ብላ "አባዬ፣ አንተ እኮ የእኔን ደብተር ገልጠህ አይተህ አታውቅም" አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ላስተባብል አሰብኩ። የትኛውን ድርሰቷን ላንሣ? አንድም አላየሁም።

ስለዚህ የእኔን ዘመን በምሳሌነት እንዳታነሡብኝ።

ወላጅ ከጀሞ
እኔ ከፋይ ነኝና ልናገር። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የግል ትምህርት ቤት። የእንግሊዝኛ ደብተሯን ከመስከረም እስከ ጥር አንድ በአንድ ገለጥኩት። ሙሉ ራይት ነው። "ዬስተርዴይ አይ ጎ" ብላ ጽፋ፣ ራይት። ግርጌው ላይ በቀይ "ጉድ" ተብሎ ተጽፏል። እውነትም ጉድ!

አራቱ ክፍለ ጊዜ ይቀነስላቸው እንበል። ሰዓቱ እርማት ላይ እንደሚውል ማን ያረጋግጥልኛል? ስታፍ ውስጥ ሻይ ላይ እንደማያልቅስ? ትምህርት ቤቱ ደግሞ ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ክፍያ ይጨምራል። በዚህ በኩል ልምድ አለን።

የመምህርት ባል
እኅቴ፣ ያ ራይት ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ከእኔ ዓይነቱ ነው።

ባለቤቴ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጃችን ሦስት ወሩ ነበር፤ ገና በየሁለት ሰዓቱ ይጠባል። ስትመለስ የተቆለለ ደብተር ጠበቃት። የተከታታይ ምዘናው ውጤት በዚያ ሳምንት መግባት አለበት ተባለ። እናም ማታ እሷ ታጠባለች፣ እኔ ራይት አደርጋለሁ። እኔ አካውንታንት ነኝ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ካየሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሱፐርቫይዘሩ መጣና ደብተሮቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ "ጥሩ ነው፣ ታርሟል" ብሎ ሄደ። ቀይ አለ አይደል? ማን እንዳቀለመው አልጠየቀም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት ተነሥቼ ሳይ፣ እሷ ያረምኩትን በሙሉ እንደገና እያረመች ነው። እኔ ደግሞ የረዳኋት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ማስጠናቱ፦ ማስጠናት ይከፈልበታል፣ እርማት አይከፈልበትም። አከራይ ደግሞ ደብተር አይቀበልም።

የአማርኛ መምህርት ከደሴ
እኔ ደብተር ቤቴ አይገባም ካልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የወሰንኩት ልጄ አራተኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ እንደሚቸግረው ከእኔ በፊት የእሱ መምህርት ስላወቀች ነው። የቋንቋ መምህርት ልጅ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነው የወደድኩት።

አሁን የማርመው ክፍል ውስጥ ነው። እነሱ ይጽፋሉ፣ እኔ በዴስኮቹ መካከል እየተሽሎከለኩ ጎንበስ እያልኩ አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ነው የምይዘው። ዛሬ አራት ነጥብ ከሆነ አራት ነጥብ ብቻ። የ"ሀ" እና የ"ሐ" ነገር ሌላ ቀን ይደርሳል (ጋሼ ይቅር ይበሉኝ)። ልጁ አጠገቤ ሆኖ ስለሚያየው ይይዘዋል። ወገቤ ግን አልቋል። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬም ወረደ። ደብተሩ ላይ በቂ የእርማት ምልክት የለም ተባልኩ። በቃል ያረምኩት አይቆጠርም።

የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ
ጋሼ፣ "ሥራ" ብያለሁ፤ ተቀብያለሁ።

የሒሳቡ ወንድሜ፣ አዎ አስጠናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ልጆች። በ2017ም በ2018ም ደመወዝ ሲጨመር ወሬውን አከራዬ ናቸው ከእኔ ቀድመው የሰሙት። ግን የማስጠናቸው ልጆች የጻፉትን ቃል በቃል አርምላቸዋለሁ፣ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ። በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነዋል። እርማት ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ነው። ለ270ዎቹ ነው የማላደርገው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም ባዮሎጂውም ያንተም ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪህ የጥያቄውን ቃል ሳይረዳ ሲቀር "እንግሊዝኛ ምን እያስተማራችኋቸው ነው?" ብለህ ወደ እኔ ነው የምትመጣው። መጥተሃልም።

ሁለተኛ ዓመት ነኝ
ተማሪ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ላይ እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው። ፊደል ታጠቁራለህ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጽፍም። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ቁጥር ነው። ስለዚህ 11ኛና 12ኛ ላይ መምህሮቻችን ድርሰቱን ትተው የድሮ ፈተና ያሠሩን ነበር። አልወቅሳቸውም፤ እኔም ያለፍኩት በዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያው አሳይንመንት ሦስት ገጽ ጽሑፍ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ግማሽ ገጽ ላይ ቆምኩ።

9ኛ ክፍል ሳለሁ ግን አንዲት መምህርት ነበሩን። በየሳምንቱ ሁላችንንም ያጽፉናል፣ ከክፍሉ ግን አሥር ደብተር ብቻ መርጠው ይወስዳሉ። ማን እንደሚደርሰው ስለማይታወቅ ሁሉም ተጠንቅቆ ይጽፋል። "ሎተሪ" እንለው ነበር። የደረሰው ልጅ ደብተሩን ሲያገኝ ገጹ ቀይ በቀይ ሆኖ ነው። ክፍሉ ተሰብስቦ ያነብለታል።

ከሜሪላንድ
እዚህ የዝግጅት ክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ይሰጠኛል። ግን ግማሹን ስብሰባና የወላጅ ኢሜይል ይበላዋል። እኔም እሑድ ማታ አርማለሁ፤ ባሌም ያኮርፋል። ልዩነቱ የእኔ ተማሪዎች 110 መሆናቸው ነው። ሰዓት ተሰጥቷችሁ የልጁ ቁጥር ካልቀነሰ ብዙ ለውጥ አትጠብቁ።

የሒሳቡ
ሎተሪው ደስ ብሎኛል። አምስት ክፍል በአሥር ደብተር 50። በአራት ደቂቃ 200 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ከሃያ በሳምንት። ይሄማ በነፃ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። አንድ ልጅ በአምስት ስድስት ሳምንት አንዴ ይደርሰዋል። በጀት አያስፈልገውም፣ ስብሰባም አያስፈልገውም።

ወላጅ ከጀሞ
በስድስት ሳምንት አንዴ? ለዚህ ነው የምከፍለው?

የመምህርት ባል
አሁን ስንት ጊዜ ደርሷት ያውቃል? የእኔ ዓይነቱን ራይት ሳትቆጥሪ።

የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ
የሒሳቡ፣ ነፃ ክፍለ ጊዜ የምትለውን ላስጎብኝህ። የቀረ መምህር እሸፍናለሁ። የትምህርት ዕቅድ እጽፋለሁ። የክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ የ54 ልጅ ሮስተር እሞላለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ፣ ያረፈደ ወላጅ አነጋግራለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ በቴሌግራም "ቲቸር፣ የነገው የቤት ሥራ ገጽ ስንት ነው?" ይመጣል። ከልጁ ቢሆን ምንም አይደል፤ ከእናቱ ነው።

ሎተሪውን ከሰኞ ጀምሮ እሞክረዋለሁ። ግን ራስህ ያወጣኸውን ስሌት ተመልከተው። 200 ደቂቃ አልክ። እኔ የጠየቅኩት አራት ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ 160 ነው። አንተ ቀለል አድርገህ ካሰላኸው እንኳ ያነሰ ነው የጠየቅኩት። በዚህ ነው ስብሰባው የጮኸብኝ?

የሒሳቡ
...ይሄን አላየሁትም።

እሺ። ለቋንቋ ብቻ ከሆነ አሁንም እጄን አላወጣም፤ ስታፉን ለሁለት ይከፍለዋል። ለሁሉም መምህር የእርማት ሰዓት ይሁን፣ ሰዓቱም በየትምህርቱ ክብደት ይለካ ካልሽ ወረቀቱን አብረን እንጻፈው። ቁጥሩን እኔ እሠራዋለሁ። ጋሼ፣ "እሠራዋለሁ" በንጉሡ "ሠ" ነው፣ ይዩልኝ።

የአማርኛ መምህርት ከደሴ
ወረቀቱ ላይ በቃል የታረመም ይቆጠር የምትል አንዲት መስመር ጨምሩልኝ። ወገቤ ይመስክር።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር
አይቻለሁ የሒሳቡ፣ እንዲህ ነው።

እኔ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ሥራ የለኝም። እንግሊዝኛውን አልደፍረውም። በየትምህርት ቤታችሁ ያለች፣ ትንንሽ ልጆች ያሏት የአማርኛ መምህርት ካለች ግን፣ ኮተቤ አካባቢ ከሆነች፣ አሥር አሥር ደብተር ትላክልኝ። ዘንቢሉ አሁንም ቤት አለ። ባለቤቴን ብቻ ላስፈቅድ።