የቻይና ንጉሥ ግብር መቼ ነው የቀረው?

ሐይቅ ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ታሪክ አስተምራለሁ። ትናንት ኮሪያ፣ ቬትናምና ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) እጅ መንሻ ይዘው ቤጂንግ ይሄዱ እንደነበር፣ ንጉሡም ሐር ሸልሞ ይሸኛቸው እንደነበር ስናገር አንዲት ተማሪ፣ “ቲቸር፣ ተሸልመው ከተመለሱ ይሄ ምኑን ግብር ሆነ?” አለችኝ። የመለስኩላት ለራሴም አላጠገበኝም። ደግሞስ ሥርዓቱ ቻይና ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋለችው በ1842ቱ የናንጂንግ ውል አበቃ ብዬ ማስተማሬ ልክ ነው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የአዳማ ልጅ፦
ልክ ይመስለኛል። በ1793 የእንግሊዝ መልእክተኛ ማካርትኒ ለቻይና ንጉሥ አልሰግድም አለ፤ የጠየቀውን ሳያገኝ ተመለሰ። እንግሊዝ ቻይናን ካሸነፈችበት ከኦፒየም ጦርነት በኋላ ግን አምስት ወደብ ተከፈተ፣ ሆንግ ኮንግም ተወሰደ። ሳይሰግዱ መነገድ ከተቻለ ማን ይገብራል?

አዛውንቱ፦
መምህርት፣ ተማሪዎን ያመስግኑልኝ። መልሱ በገዛ ቃላችን ውስጥ ነው። ገባሪው የሚያመጣውም ግብር ነው፣ ንጉሥ አዳራሽ የሚያበላውም ግብር ነው። ቤጂንግም የፈለገችው ዕቃውን ሳይሆን መምጣታቸውን ነው፤ ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባርን መሬት ማስነካቱን። ለመጣው ማኅተምና የዘመን መቁጠሪያ ትሰጣለች፣ አብረው የመጡት ነጋዴዎችም ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ጉጉቱ ከትንንሾቹ በኩል ስለነበረ እሷው ናት ተራ ያወጣችላቸው፦ ኮሪያ በየዓመቱ፣ ሪዩኪዩ (የዛሬዋ የጃፓን ኦኪናዋ) በየ2 ዓመቱ፣ ሲያም በየ3 ዓመቱ።

በ1842ቱ ግን አልስማማም፤ ወንድሜ የአዳማ ልጅም አይቀየመኝ። እንግሊዝ መቼም ከልቧ ገብራ አታውቅም። ሥርዓቱ የሞተው እውነተኞቹ ገባሮች አንድ በአንድ ሲነጠቁ ነው። ሲያም በ1850ዎቹ መላክ አቆመች። ሪዩኪዩን ጃፓን በ1879 ጠቀለለቻት። ቬትናም በ1884 ከፈረንሳይ ጋር ስትዋዋል ከቻይና ንጉሥ የተሰጣት ማኅተም እዚያው ዋና ከተማዋ ሁዌ ላይ በእሳት ቀለጠ። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ኮሪያ ደግሞ ከናንጂንግ በኋላ 50 ዓመት ያህል ገብራለች፤ ያስቆማት ቻይና በጃፓን ተሸንፋ የፈረመችው የ1895ቱ የሺሞኖሴኪ ውል የመጀመሪያ አንቀጽ ነው። ሴኡል ላይ የቻይና መልእክተኛ ይቀበሉበት የነበረውን በር አፍርሰው አጠገቡ የነጻነት በር ሠሩ። የአሮጌው በር ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ዛሬም ከፊቱ ቆመዋል።

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማኅተሙን ነገር ሰኞ እነግራቸዋለሁ። በርማስ?

አዛውንቱ፦
እንግሊዝ ያዘቻት። በ1886 ከቻይና ጋር ሲዋዋሉ ግን በየ10 ዓመቱ የሚላከው እጅ መንሻ ይቀጥል፣ የሚሄዱትም በዘራቸው በርማዊ ይሁኑ ተብሎ ተጻፈ።