ማክሰኞ የግራመር ፈተና አለብኝ፣ ሊንኪንግ ቨርብ የሚያስረዳኝ አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ሌሊት እሠራለሁ። ቀን ኮሌጅ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ይህን ደረጃ ካላለፍኩ የነርስ ትምህርቱን አያስጀምሩኝም። መምህሯ ዐረፍተ ነገር ትሰጠንና «ፓተርኑን (የዐረፍተ ነገሩን አወቃቀር) ለዩ» ትላለች። ተሳቢ ያለው አያስቸግረኝም። ሊንኪንግ ቨርብ ሲመጣ ግን ግራ ይገባኛል። «ሉክ» አንዴ አክሽን ነው ትላለች፣ አንዴ ሊንኪንግ። ልጄን ስጠይቀው «ማሚ፣ ዝም ብሎ ይታወቃል» ይለኛል። እዚህ ለተወለደማ ይታወቃል!

የዴንቨሩ መምህር፦
እህቴ፣ አገር ቤት ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሊንኪንግ ቨርብ ባለቤቱን ከግሱ ኋላ ከሚመጣው ቃል ጋር ያገናኛል እንጂ ድርጊት አይናገርም። ከኋላው ስም ከመጣ፣ ስሙ ባለቤቱ ራሱ ነው። «ማይ ብራዘር ቢኬም ኤ ድራይቨር» ሲል ወንድምየውና ሾፌሩ አንድ ሰው ናቸው። «ማይ ብራዘር ሜት ኤ ድራይቨር» ካለ ግን ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሾፌሩ ተሳቢ ነው። ቅጽል ከመጣ ደግሞ ባለቤቱን ይገልጻል፦ «ዘ ሱፕ ቴስትስ ሶልቲ»።
ለ«ሉክ» ዘዴ አለሽ። ግሱን አውጪና «ኢዝ» ተኪበት። «ሺ ሉክስ ታየርድ» «ሺ ኢዝ ታየርድ» ቢባል ያስኬዳል፤ ስለዚህ ሊንኪንግ ነው። «ሺ ሉክድ ዘ ወርድ አፕ» ላይ ሞክሪው፤ ይፈርሳል፤ አክሽን ነው። «ስሜል»፣ «ቴስት»፣ «ፊል» እና «ግሮው»ም እንዲሁ ሁለት ጠባይ አላቸው። እኛን የሚያደናግረን ራበኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ በአማርኛ ግስ መሆናቸው ነው። በእንግሊዝኛ ቅጽል ናቸው፣ «አም» ይፈልጋሉ።

ጋሽ ታክሲ (አሌክሳንድሪያ)፦
ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አትጨነቂበት። ሲቲዝንሺፕ ፈተና ላይ ለጽሕፈቱ እስከ ሦስት ዐረፍተ ነገር ያነቡልሻል፣ አንዱን በትክክል ከጻፍሽ አለቀ። ቃላቱም ከታወቀ ዝርዝር ነው የሚወጡት። «ኢዝ» እና «ዎዝ» እዚያው አሉ፣ ዋሽንግተንና ሊንከንም አሉ። እናት ካለሽ ደግሞ ልንገርሽ። 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት ከኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ከኖሩ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ወላጆቹን ያሰቃያል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ቆየሁ። መምህር፣ የ«ኢዝ»ዋ ዘዴ ገብታኛለች። ግን «ሺ ኢዝ ኢን ዘ ኪችን» የትኛው ፓተርን ነው? ከ«ኢዝ» ቀጥሎ ስምም ቅጽልም የለው።

ከሪያድ፦
እናንተ ታድላችሁ ትማራላችሁ። እኔ ሱፕ ሲባል ሽሮ ታወሰኝ። ማዳም ጭስ ስለማትወድ ቡና እንኳ የማፈላው እሷ ስትወጣ ነው፣ ዕጣኑማ አይታሰብም። እናቴ ደግሞ ትናንት ደውላ ለጣሪያ ቆርቆሮ ብር ላኪ አለችኝ። ያለፈው ወር የላክሁት የት ገባ ብዬ ብጠይቅ «የወንድምሽ ሠርግ» ሆነ መልሱ።

ሲያትል 206፦
አይዞሽ እህት። ቆርቆሮ በየዓመቱ የሚቀየር መስሏቸው ነው መሰለኝ። ወደ ግራመሩ ስመለስ፣ ጊዜ ማባከን ነው። መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። ማውራት ነው ዋናው።

የዴንቨሩ መምህር፦
መጋዘን ሌላ፣ ሆስፒታል ሌላ። ነርስ ትጽፋለች፣ የጻፈችውንም ተረኛዋ ታነባለች። «ዘ ባንዴጅ ስሜልስ ባድ» ከጻፈች ፋሻው ይሸታል፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል፣ ይታያል። «ባድሊ» ብላ ከጻፈች ግን፣ በመጽሐፉ ሕግ ከሄድን፣ ፋሻው አፍንጫ አውጥቶ ማሽተት አቅቶታል። ከሊንኪንግ ቨርብ ኋላ ቅጽል ነው የሚገባው።
የኪችኑን በተመለከተ፣ አንዳንድ መጽሐፍ ለብቻው ፓተርን ይሰጠዋል፤ ቦታ ነው የሚናገረው። ሌላው ሊንኪንግ እንኳን አይለውም። የእናንተን መጽሐፍ ማየት አለብኝ፣ ገጹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ጋሽ ታክሲ፦
አሜሪካኖቹ ራሳቸው «አይ ፊል ባድሊ» ይላሉ እኮ። ስንቱን ጭኛለሁ። «ሃው አር ዩ» ስላቸውም «አይ አም ጉድ» ነው መልሳቸው። የኛ አስተማሪዎች ግን «ዌል» በሉ እያሉ ገረፉን።

የዴንቨሩ መምህር፦
ጋሼ፣ «አይ አም ጉድ»ም «ዌል»ም ልክ ነው። ስለ ጤና ሲሆን «ዌል» ራሱ ቅጽል ነው። ደግሞ ልጅ አልገረፍኩም።

ጋሽ ታክሲ፦
አንተን አላልኩም። ስለ ዱላው እንነጋገር ከተባለ ግን…

ሲያትል 206፦
ኧረ ጋሼ፣ እሱን በሌላ ርዕስ ይክፈቱት!

ጋሽ ታክሲ፦
እከፍተዋለሁ። አንተም ናና «ማውራት ነው ዋናው» ያልከውን እዚያ ታስረዳኛለህ።