ካፕቻው ቦቱንም ገበሬውንም መለሰብኝ

ጅማ ላለ አንድ ቡና ሰብሳቢ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ፤ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። በጎማና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ያሉ ገበሬዎች ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌና ስንት ኩንታል ጀንፈል እንዳላቸው የሚያስመዘግቡበት አንድ ቅጽ አለው። ቦቶች (ቅጽ በራሳቸው የሚሞሉ ፕሮግራሞች) አገኙትና ሌሊቱን ሙሉ በቁማር ማስታወቂያ ይሞሉት ጀመር።

ሥዕል የሚያስመርጥ ካፕቻ፣ ማለትም ሰውን ከቦት የሚለይ ፈተና፣ አስገባሁ። ቦቱ ቆመ፤ ሰውም አብሮ ቆመ። ኔትወርኩ ሲደክም ከዘጠኙ ሥዕሎች ግማሹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሥዕሉ ቢመጣም ጥያቄው «የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ያለበትን ምረጥ» ነው፤ በአጋሮ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይቼ አላውቅም። ፈተናውን ያለፈም ቅጹን ሞልቶ እስኪልክ ማለፉን የሚያሳየው የ2 ደቂቃ ማረጋገጫ ጊዜው ያልፍበታል።

ከዚያ ሥዕል ወደሌለው፣ በስውር ከ0 (ቦት) እስከ 1 (ሰው) ነጥብ ወደሚሰጠው ዓይነት ቀየርኩ። የማለፊያ ወሰኑን 0.5 ላይ ሳደርገው እውነተኛ ገበሬዎችም ወደቁ። ብዙ የሞባይል ተጠቃሚዎች አንድ የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ስለሚጋሩ ይመስለኛል። ለዓይን የማይታይ፣ ቦት ብቻ የሚሞላው የማጥመጃ ሳጥንም ቅጹ ላይ ጨምሬያለሁ፤ ተራዎቹን ቦቶች ይይዛል፣ እውነተኛ ብሮውዘር የሚጠቀሙት ቦቶች ግን ያልፉታል። ማረጋገጫው በሰርቨሩ በኩል ይፈተሻል፤ ክፍተቱ እዚያ አይደለም። በአጭር መልእክት ኮድ መላክ ወጪው አይቻልም።

ወሰኑን ወደ 0.3 ዝቅ አድርጌ ከዚያ በታች ለሚወድቁት ብቻ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቀላል የጽሑፍ ጥያቄ ባቀርብ ቦቱን ያቆምልኛል ወይስ በደካማ ኔትወርክ የሚሠራ የተሻለ መንገድ አለ?