ለሦስት ወር እስስት ካልሲየምና ቫይታሚን በየስንት ቀኑ ይሰጣል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ወር ዕድሜ ያለው የየመን እስስት ማሳደግ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ትናንሽ ፌንጣዎች እሰጠዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ይበላል። የሸጠልኝ ሰው ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ3 እና ሌሎች ቫይታሚኖች የተቀላቀሉበት ዱቄት ሰጥቶኝ በየምግቡ ላይ እንድነሰንስ ነግሮኝ ነበር፤ አንድ ሌላ አርቢ ግን ይህን ዱቄት በወር ከሁለት ጊዜ በላይ መስጠት ጉዳት አለው አለኝ። እስስቱ ደግሞ ዱቄት የበዛባቸውን ፌንጣዎች በአንድ ዓይኑ ካየ በኋላ ትቷቸው ይሄዳል። የሚኖረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ የዩቪቢ (ከፀሐይ የሚገኘውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚተካ) መብራቱ ከመስታወት ክዳኑ በላይ ሆኖ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። የማንኛቸውን ምክር ልከተል?

መልስ 1

የሁለተኛው ሰው ምክር ይሻላል። በፌንጣ ሰውነት ውስጥ ፎስፎረስ ከካልሲየም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለእስስት የሚስማማው ግን በተቃራኒው ሁለት እጅ ካልሲየም ለአንድ እጅ ፎስፎረስ ነው። ይህ ሚዛን ሲጓደል ፓራታይሮይድ የተባሉት ዕጢዎች ካልሲየሙን ከአጥንት እየመዘዙ ወደ ደም ስለሚያስገቡ፣ በማደግ ላይ ያለ እስስት እግሩ ይጎብጣል፣ መንጋጋውም ይለሰልሳል። ስለዚህ ዲ3 የሌለበትን ንጹሕ ካልሲየም በየቀኑ ይስጡት፤ ዲ3 ያለበትን ቅልቅል ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ። ዲ3 እና ቫይታሚን ኤ ሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ ሲበዙ ይመርዛሉ፤ አንገቱ ሥር ውኃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ካዩ አንዱ መነሻ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ፌንጣውን ስለ መተዉ፣ እኔም ብሆን ዱቄት ውስጥ የተንከባለለ ምሳ አያስጎመጀኝም። አንድ ቁንጥር ዱቄት በብርጭቆ ውስጥ አድርገው ፌንጣዎቹን ካንከባለሉ በኋላ የተረፈውን ያራግፉ፤ የነፍሳቱ ቀለም በዱቄቱ ሥር መታየት አለበት። ፌንጣ ራሱን በእግሩ ስለሚያጸዳ ወዲያው ይስጡት፤ መጠኑም በእስስቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ቢሆንም የመስታወት ክዳኑ ታልፏል። መስታወት የዩቪቢን ጨረር አያሳልፍም፤ ስለዚህ እስስትዎ እስካሁን ያገኘው ብርሃኑን ብቻ ነው። ዲ3 በወር ሁለት ጊዜ ይበቃል የሚባለው ቀሪውን ቆዳው ከጨረሩ ጋር ሆኖ ይሠራዋል በሚል ስሌት ነውና፣ ክዳኑ እንዳለ ዱቄቱን ብቻ ቢቀንሱ ባልታሰበ መንገድ ሊጎዱት ይችላሉ። መጀመሪያ ክዳኑን በሽቦ ወንፊት ይቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ ዲ3ን ይቀንሱ።

መብራቱ ስለበራ ብቻም አይመኑት፤ ጨረሩ ከብርሃኑ ቀድሞ ይደክማል። የእኔው ከዓመት በላይ ያገለገለ መብራት ደምቆ እየበራ ሳለ፣ እስስቴ በስንዝር ርቀት ላይ ያለን ፌንጣ ምላሱን ወርውሮ መድረስ አቃተው፤ ቅርንጫፍ ሲጨብጥም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በራጅ ሲታይ አጥንቱ ሳስቶ ተገኘ።

መልስ 3

ስለ ዱቄቱ ብዙ ተብሏል፤ ፌንጣዎቹ ራሳቸው ምን ይበላሉ? ለእስስቱ ከመሰጠታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ቢያበሏቸው እስስቱ ያንን ሁሉ አብሮ ይውጣል። ቆስጣ ግን ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት ስላለበት አያብዙ። አልፎ አልፎ የሐር ትልና በረሮ ይቀላቅሉ። ያልተበላ ፌንጣ ሌሊት የተኛውን እስስት ስለሚነክስ፣ መብራት ከማጥፋትዎ በፊት ይልቀሙት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኑን ዛሬ በወንፊት ቀየርኩ፤ ዱቄቱን አራግፌ የሰጠሁትንም ስምንት ፌንጣ አንድ በአንድ ለቀማቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቫይታሚኑ ዱቄት ላይ ቤታ ካሮቲን እንጂ ቫይታሚን ኤ የሚል ጽሑፍ የለም። ያው ነው?

መልስ 1

ያው አይደለም። እስስት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ በበቂ መጠን ስለመቀየሩ ማረጋገጫ ስለሌለ፣ ሬቲኖል፣ ማለትም ራሱ ቫይታሚን ኤ፣ ያለበትን ይምረጡና በዚያው በወር ሁለት ጊዜ ይስጡት። ዓይኑ አብጦ ወይም ቀን ላይ ጨፍኖ ካገኙት ግን በራስዎ መጠን አይጨምሩ፤ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።