ግሩፕ ላይ «ወደ ላይ ውጣና አንብብ» አልኩ፤ እንዴት ላስተካክለው?

ሌሊት አንባቢ፦
ኦንላይን ኮርስ አብረን የምንማር ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ትናንት ማታ አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀ። ያው ጥያቄ በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ደክሞኝ ስለነበር «ወደ ላይ ውጣና አንብብ!!!» ብዬ ላክሁ። ሰባት ሰው በሳቅ ኢሞጂ አጀበኝ። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ፦ «እሺ ልጄ። ፈልጌ አጥቼው ነው እንጂ ሳላነብ ቀርቼ አይደለም።» ለካ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው! ፕሮፋይላቸው ላይ ያለው አበባ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። መልእክቱን ላጥፋው? ወይስ በውስጥ ይቅርታ ልጠይቅ?

ኮማ፦
አታጥፋው (ወይ አታጥፊው፤ እኔም እንዳልሳሳት)። ከጠፋ የእሳቸው «እሺ ልጄ» ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደግሞ ያ ሦስት ቃለ አጋኖ! እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1855፣ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል መጻፍ እንደ ጩኸት ይቆጠራል ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ጩኸታችን ሁሉ የሚወጣው በቃለ አጋኖ ነው።

የድሮ አድሚን፦
አማርኛ እዚህ ላይ መደበቂያ አይሰጥም። ግሱ ራሱ ወንድ ነው ሴት፣ አንተ ነው እርስዎ ብሎ ያፋጥጥሃል። እኔ ለማላውቀው ሰው ስመልስ ሰውየውን ከነገሩ አወጣዋለሁ። «ተሳስተሃል» አልልም፤ «ቁጥሩ የተሳሳተ ይመስለኛል» ነው የምለው። «ወደ ላይ ውጣ» ከማለትም የቀድሞውን መልስ ሊንክ ኮፒ አድርጎ መላክ ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ይቅርታው እዚያው ግሩፑ ላይ ይሁን። ቁጣው ሰው ፊት ሆኖ ይቅርታው ጓዳ ለጓዳ አይሆንም።

ዝም ባይ፦
ትንሽ ልከራከር። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሲመልሱ መሰልቸት ያለ ነው። አድሚኑ መልሱን ፒን ቢያደርገው ኖሮ እዚህ ባልተደረሰ። እኔን ያናደዱኝ ሰባቱ ሳቂዎች ናቸው። መልሱን ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አልሰጧቸውም።

ሌሊት አንባቢ፦
አመሰግናለሁ። (ኮማ፣ ትክክሉ «አታጥፊው» ነው።) ዛሬ ጠዋት ግሩፑ ላይ «ትናንት በማይገባ አነጋገር መለስኩልዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሱ፦ «ምንም አይደል ልጄ። መልሱን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።»